ከሮንሻም ኮንክሪት እስከ ላሊበላ ቋጥኝ

ስለ ኮንክሪት ሲነሳ ስማቸው ከሚጠቀሱ ሕንፃዎች አንዱ ፈረንሳይ አገር፣ ሮንሻም ላይ ያለው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው። ንድፉን ያወጣው ለ ኮርቡዚዬ ሲሆን ሥራው የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ፎቶውን ያየ ሰው «ይሄ ነገር ከቋጥኝ ተፈልፍሎ የወጣ ነው እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። እኔም ላሊበላን እስካይ ድረስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ልዩነቱ የገባኝ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆሜ ቁልቁል ስመለከት ነው። የሮንሻሙ የተሠራው በመጨመር ነው፤ ፎርምወርክ ቆሟል፣ ፌሮ ታስሯል፣ ኮንክሪት ተሞልቷል። በጦርነት ከፈረሰው ከቀድሞው ቤተ ክርስቲያን የተረፈው ድንጋይም ግድግዳው ውስጥ ገብቷል። ቤተ ጊዮርጊስ ግን የተሠራው በመቀነስ ነው። 12 ሜትር ያህል ወደ ታች ሲፈለፈል ጣሪያው ቀድሞ፣ ወለሉ መጨረሻ ላይ ወጣ። ተሳስቶ የተቆረጠ ድንጋይ ደግሞ አይመለስም።

ሁለቱን የሚያመሳስላቸው የዝናብ ጉዳይ ነው። የሮንሻም ጣሪያ ውሃውን ሰብስቦ በአሸንዳ ወደ ገንዳ ይጥለዋል። ቤተ ጊዮርጊስም በጣሪያው ላይ የተጠረበ አሸንዳ አለው።

ችግሩ የላስታ ክረምት ከባድ፣ የላሊበላ ድንጋይ ደግሞ እሳተ ገሞራ የወለደው፣ ውሃ የሚመጥ መሆኑ ነው። «ታዲያ ስንጥቁን በሲሚንቶ ብንደፍነውስ?» እንል ይሆናል። ነገር ግን ሲሚንቶ ከድንጋዩ ይልቅ ጠንካራ ነው፤ እርጥበትም እንደልብ አያሳልፍም። ስለዚህ ውስጥ የገባው ውሃ መውጫ ያጣና በዳር በኩል ያለውን ደካማውን ድንጋይ እየሸረፈ ይጥለዋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ሬንጅ ተቀብተው ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ በጣሊያናዊው ሳንድሮ አንጄሊኒ የተመራው ጥገና ያንን ቅብ ማንሳት ግድ ሆነበት። በ2008 ደግሞ ለጊዜው ተብሎ በአንዳንዶቹ ላይ የብረት መጠለያ ተተከለ። እሱም ራሱ ስጋት ሆነና በ2018 የከተማው ነዋሪ «ይወድቅብናል» ብሎ ሰልፍ ወጣ።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ኮንክሪት መጥፎ ነው ማለትን አይደለም። ሮንሻም ላይ ኮንክሪቱ ራሱ ሕንፃው ነው፤ ላሊበላ ላይ ግን እንግዳ ነው። ነገ ጥገና የሚታዘዘው ለእኛ ነውና፣ ሲሚንቶ ከማቡካታችን በፊት ድንጋዩን እንወቀው፤ ውሃው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣም እንጠይቅ።