ተጨማሪ መረጃ፦ አስትሪድ ሊንድግሬን (እ.ኤ.አ. 1907–2002)

ስዊድናዊቷ የልጆች ደራሲ አስትሪድ ሊንድግሬን የተወለደችው በቪመርቢ ከተማ አቅራቢያ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ልጇ ካሪን በሳንባ ምች ታማ ተኝታ ሳለ ስለ ፒፒ ተረት እንድትነግራት ጠየቀቻት። ስሙን ያወጣችው ካሪን ናት፤ ፈረስ በእጇ የምታነሳዋን ብርቱ ልጅ ግን እናት እዚያው አልጋው አጠገብ ፈጠረቻት። ኋላ ስለ ፒፒ የጻፈችውን ጽሑፍ የመጀመሪያው አሳታሚ ባይቀበለውም በ1945 በሌላ አሳታሚ ታትሞ ወጣ። ከምናባዊ ልብ ወለዶቿ በ1973 የታተመው «የአንበሳ ልብ ወንድማማቾች» ከሁሉም ደፋሩ ነው፤ ስለ ሞት ለልጆች ሳይሸሽግ ይናገራልና። በ1978 በፍራንክፈርት የሰላም ሽልማት ስትቀበል ባደረገችው ንግግር ልጆችን መምታትን አጥብቃ ተቃወመች። በቀጣዩ ዓመት ስዊድን የልጆችን አካላዊ ቅጣት በሕግ በመከልከል ከዓለም የመጀመሪያዋ አገር ሆነች።