ኪራዩ ቆመ፤ ዕዳው ግን አልቆመም

የቦሌ ንግድ ቤቶች፣ የወረርሽኙ አዋጅና ከውሉ የቀረችው አንቀጽ

በ2012 ዓ.ም የፋሲካ ሰሞን ከመስቀል አደባባይ እስከ ኤርፖርት የሚዘልቀውን የአፍሪካ ጎዳና ያየ ሰው በቀላሉ አይረሳውም። ሱቁ ክፍት ነው፤ ገዢ የለም። ካፌው ወንበር ደርድሯል፤ ተቀማጭ የለም። የበዓል ባዛር ይዘረጋበት የነበረው ሚሌኒየም አዳራሽም በዚያው ዓመት አልጋ ገብቶበት የኮቪድ ሕክምና ማዕከል ሆነ። በዚያን ጊዜ በቦሌ አካባቢ የነበረ ነጋዴ ሁሉ ያነሳው የነበረው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሽያጩ በግማሽ ሲወርድ የቤቱን ኪራይ ማን ይክፈል?

ጥያቄው ያለፈበት ይመስል ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃት ካወጀ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም ወዲህ ስለ ጭንብልና ስለ ርቀት የሚያወራ የለም። ነገር ግን ጥያቄው በገበያው ውስጥ መልስ ሳያገኝ እንደተንጠለጠለ ነው። የንግድ ቤት የሚከራይ፣ የሚያከራይ ወይም የሚያገናኝ የዚህ ገጽ አንባቢ ያኔ የሆነውን በሒሳብ መልክ ቢያየው የሚቀጥለውን ውል ሲፈርም ይጠቅመዋል።

ደንቡ ምን አለ?

የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በኢትዮጵያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ነበር። ሦስት ቀን ቆይቶ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ትላልቅ ስብሰባዎችም ታገዱ። ቀጥሎ የምሽት ጭፈራ ቤቶች ተዘጉ። ከመጋቢት 14 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ በራሱ ወጪ ሆቴል ገብቶ 14 ቀን እንዲቆይ ተደረገ። መጀመሪያ ለዚህ ከተመረጡት ሆቴሎች አንዱ እዚሁ ቦሌ ያለው ስካይላይት ነው።

መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 3/2012 ለአምስት ወር ታወጀ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ሚያዝያ 2 አጸደቀው። ዝርዝሩን ያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 466/2012 ሲሆን፣ ለንግዱ ማኅበረሰብ አራት ነገሮች ይዞ መጣ። አንደኛ፣ ምግብና መጠጥ ቤቶች በአንድ ጠረጴዛ ከሦስት ሰው በላይ እንዳያስተናግዱ ከለከለ። ሁለተኛ፣ የሕዝብ ማመላለሻ ከመጫን አቅሙ ግማሹን ብቻ እንዲይዝ አዘዘ። ሦስተኛ፣ አሠሪ ሠራተኛውን እንዳያሰናብት አገደ። አራተኛ፣ አከራይ ተከራዩን ከቤት እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ከለከለ። አዋጁን የጣሰ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር መቀጮ ይጠብቀው ነበር።

እነዚህን አራቱን አንድ ላይ ስናስቀምጣቸው የነጋዴው ችግር ገሀድ ይሆናል። ገቢው በደንብ ቀነሰ፤ ደመወዙ በደንብ ታሰረ። ኪራዩ ግን ባለበት ቆመ እንጂ አልቀነሰም። “ኪራይ አይጨመር” እና “ኪራይ ይቀነስ” በወሬ ተቀራራቢ ቢመስሉም በሒሳብ መዝገብ ላይ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ሒሳቡ ሲሠራ

ለማሳያ ያህል አንድ መካከለኛ ካፌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ የቀረቡ ናቸው፤ ግብርና ታክስንም ለጊዜው ወደ ጎን ትተናል። ካፌው በደህናው ጊዜ በወር 170,000 ብር ይሸጣል። ለቡና፣ ለወተት፣ ለዳቦና ለመሳሰለው 90,000 ያወጣል። ኪራይ 40,000፣ ለ12 ሠራተኞች በነፍስ ወከፍ 1,500 ሒሳብ 18,000፣ ለመብራት፣ ለውኃና ለልዩ ልዩ 4,000 ብር ይከፍላል። ለባለቤቱ 18,000 ብር ይተርፈዋል።

ሽያጩ በግማሽ ሲወርድ 85,000 ይሆናል። የቡናና የወተቱ ወጪ አብሮ ወርዶ 45,000 ይሆናል፤ ይህ ተለዋዋጭ ወጪ ነው። የቀረው 40,000 ብር ነው። እሱ ደግሞ ሳይሸራረፍ ለአከራዩ ይሄዳል። ደመወዙና መብራቱ 22,000 ብር ከባለቤቱ ኪስ መውጣት አለበት። በአምስት ወር 110,000 ብር ማለት ነው። ኪራይ መጨመር መከልከሉ ከዚህ ኪሳራ ላይ አንዲት ብር አልቀነሰም።

አሁን ኪራዩ በግማሽ ቢቀነስስ? የወሩ ኪሳራ ከ22,000 ወደ 2,000 ብር ይወርዳል። ካፌው ሠራተኛውን እንደያዘ ወሩን መግፋት ይችላል።

መንግሥት ሚያዝያ 22 ቀን 2012 ዓ.ም የወሰናቸው የግብር እፎይታዎችም ነበሩ። ከ2007 ዓ.ም በፊት የነበረ ውዝፍ የግብር ዕዳ ተሰረዘ፤ ከዚያ ወዲህ እስከ 2011 ባለው ዕዳ ላይም ወለድና መቀጮ ተነሳ። ሥራቸው ቢስተጓጎልም ደመወዝ መክፈል ለቀጠሉ ድርጅቶች የሠራተኛ የሥራ ግብር ለአራት ወር ተተወላቸው። ይህ ብዙ ደመወዝ ለሚከፍል ፋብሪካ ትልቅ ነገር ነው። ለምሳሌያችን ካፌስ? በጊዜው ሕግ የመጀመሪያው 600 ብር ከግብር ነፃ ስለነበረ፣ 1,500 ብር ከሚከፈለው ሠራተኛ የሚቆረጠው 90 ብር ነው። ለ12ቱ 1,080 ብር። ከ22,000 ብር ኪሳራ ጋር ሲተያይ የእጅ መታጠቢያ ሳሙና ቢገዛ ነው። ከአነስተኛ ንግድ ትልቁ ሸክም ግብሩ ሳይሆን ኪራዩ ነበርና እፎይታው በትክክለኛው ቦታ አላረፈም።

በትክክለኛው ቦታ ያረፈ እርምጃም አልጠፋም። የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን በዚያው ሰሞን የተከራዮቹን ኪራይ በግማሽ ቀንሶ ነበር። አንዳንድ የግል ሕንፃ ባለቤቶችም በፈቃዳቸው የወር ኪራይ ማሩ። ነገር ግን ይህ በአከራዩ በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። አንዱ ተከራይ ሲማር የግድግዳ ጎረቤቱ ሙሉውን ይከፍል ነበር።

ቦሌና አያት ለየቅል

የምሥራቅ አዲስ አበባ ገበያ አንድ ወጥ አይደለም። ከወሎ ሰፈር እስከ መድኃኔዓለም ያለው ገበያ የመንገደኛ፣ የስብሰባ ተካፋይ፣ የሠርግና የዳያስፖራ ገበያ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብዛኛውን የመንገደኛ በረራ አቋርጦ አውሮፕላኖቹን ወደ ጭነት ሲያዞር አየር መንገዱ ራሱን አዳነ። የእንግዳ ማረፊያው፣ የስጦታ ዕቃ ሱቁና የመኪና አከራዩ ግን በጭነት አውሮፕላን የሚመጣ ደንበኛ የላቸውም።

ከመገናኛ አልፎ በሲኤምሲ፣ በሰሚት፣ በአያትና በየካ አባዶ ያለው ገበያ ደግሞ የነዋሪ ገበያ ነው። ሰው ቤቱ ሲውል የሰፈር ሱቅ፣ አትክልት ቤትና ጉልት ጨርሶ አይራቡም። በሌላ በኩል ታክሲው በግማሽ ሲጭን ዋጋው እጥፍ ስለሆነ፣ ዕቃውን ከመርካቶ የሚያመጣው ባለሱቅና ከሌላ ሰፈር የሚመጣው ሠራተኛ ከፍለውበታል። ይህ ሰፋ ያለ አካባቢ በ2013 ዓ.ም ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ለሚ ኩራ በሚባል አስራ አንደኛ ክፍለ ከተማ ሥር ተዋቅሯል። ነጥቡ ይህ ነው፤ በአንድ ክልከላ ሥር የቦሌው ሽያጭ ለዜሮ ሲቃረብ የአያቱ ሊቆም ይችላል። ለሁሉም እኩል የተቆረጠ ደንብ ለሁሉም እኩል አይሆንም።

አከራዩም ዕዳ አለበት

አከራይን ሁሉ ባለጠጋ አድርጎ ማየት ስህተት ነው። ከኮንዶሚኒየሞች ምድር ቤት ያሉትን ሱቆች ብዙዎቹን ግለሰቦች በጨረታ ገዝተዋቸዋል፤ አንዳንዱም በባንክ ብድር ነው የገዛው። ተከራዩ ሲያቆም ባንኩ አያቆምም። መንግሥት ይህን አስቦ በመጋቢት 2012 ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር እንዲያቀርብ ማድረጉ ይታወሳል፤ ዓላማው ባንኮቹ ለደንበኞቻቸው የዕዳ እፎይታና ተጨማሪ ብድር እንዲሰጡ ነበር። ከባንክ እፎይታ ያገኘ አከራይ ለተከራዩ እንዲያካፍል የሚያስገድድ ነገር ግን አልነበረም።

ያም ሆኖ አከራዩ ራሱ ሒሳብ ቢሠራ መቀነሱ ያዋጣው ነበር። በምሳሌያችን ኪራዩን ለአምስት ወር በግማሽ ቢቀንስ 100,000 ብር ያጣል። ተከራዩ ከስሮ ቢወጣና ቤቱ ባዶውን ቢቀመጥ በየወሩ 40,000 ያጣል። ስለዚህ ቤቱ ከሁለት ወር ተኩል በላይ ባዶ የሚሆን ከመሰለው ቅናሹ ይሻለዋል። በወረርሽኝ መካከል አዲስ የካፌ ተከራይ በሁለት ወር ተኩል ማግኘት ለደላላም ቀላል አልነበረም።

ሌሎች አገሮች ኪሳራውን የመካፈል ሕግ አወጡ። አውስትራሊያ በዚያው ወቅት ባወጣችው የንግድ ኪራይ ደንብ፣ የተከራዩ ሽያጭ በቀነሰበት መጠን ኪራዩም እንዲቀንስ፣ ከቅናሹም ቢያንስ ግማሹ ጨርሶ እንዲማርና የቀረው በጊዜ ብዛት እንዲከፈል አደረገች። እንግሊዝ ደግሞ የንግድ ተከራይን ማስወጣት ለሁለት ዓመት ያህል ካገደች በኋላ፣ የተጠራቀመውን ውዝፍ ኪራይ በግልግል የሚፈታ ሕግ እ.አ.አ. በ2022 አወጣች። እነሱም የደረሱበት እኛ የደረስንበት ችግር ላይ ነው፤ ማስወጣትን መከልከል ዕዳውን ያቆየዋል እንጂ አያጠፋውም።

ፍትሐ ብሔር ሕጉ ያድናል ወይ?

ብዙ ተከራዮች “ከአቅም በላይ ነው” ብለው ተከራክረዋል። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1792 ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚለው፣ ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው ያልቻለውንና ግዴታውን ፈጽሞ እንዳይወጣ የሚያግደውን ነገር ነው። ቁጥር 1793 ውል እንዳይፈጸም የሚያደርግ የመንግሥት ክልከላን ከምሳሌዎቹ አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። እስከዚህ ለተከራዩ መልካም ነው።

ይሁን እንጂ ቁጥር 1794 ግዴታን የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣቱ ብቻ ከአቅም በላይ እንደማይባል ይናገራል። ቁጥር 1764ም ሁኔታዎች ተለውጠው ግዴታው ቢከብድ እንኳ ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል። ክልከላው ያገደው ጭፈራውን ነው፤ ብር መክፈልን አይደለም ብሎ የሚከራከር አከራይ ባዶ እጁን አይቆምም። ስለዚህ ውሉ ውስጥ ያልጻፉትን ፍርድ ቤት ይጽፍልኛል ማለት አያዋጣም።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ያዘነበለው ወደ መኖሪያ ቤት ነው። የከተማው ካቢኔ በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ወራት የመኖሪያ ቤት ኪራይ መጨመርን ለሦስት ወር ከልክሎ፣ ኋላም ደጋግሞ አራዝሞታል። በመጋቢት 2016 የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ የመኖሪያ ቤት ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደነገገ። በአዋጁ ስም ላይ እንዳለው “የመኖሪያ ቤት” ነው፤ ሱቁና ካፌው ከውጭ ናቸው። ለንግድ ቤት አሁንም ሕጉ ውሉ ነው።

ውሉ ላይ ምን ይጻፍ?

አንደኛ፣ እውነተኛው ኪራይ ይጻፍ። ለግብር ሲባል ዝቅተኛ ቁጥር ጽፎ የቀረውን በእጅ መቀባበል በገበያው የታወቀ ነው። “ኪራይ አይጨመር” የሚል ደንብ ሲመጣ ታዲያ የትኛው ኪራይ? በቃል የተያዘ ስምምነት በክርክር ቀን የአህያ ባል ነው፤ ከጅብ አያስጥልም። ክፍያውም በባንክ ቢሆን ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል።

ሁለተኛ፣ የመንግሥት ክልከላ ወይም የመንገድ ሥራ ንግዱን ሲያቆመው ወይም ሲያስተጓጉለው ኪራዩ በምን ያህል እንደሚቀንስና ለስንት ወር እንደሆነ ይጻፍ። ይህ ለወረርሽኝ ብቻ አይደለም። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ ከቦሌ ድልድይ እስከ መገናኛ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ጊዜ ደጁ የተቆፈረበት ነጋዴ የጠየቀው ጥያቄ ያንኑ ነው።

ሦስተኛ፣ የስድስት ወር ወይም የዓመት ቅድሚያ የከፈለ ተከራይ ቅናሽ ሲጠይቅ በእጁ የሚይዘው ነገር የለም። ቅድሚያው ረጅም ከሆነ፣ የተቀነሰው ኪራይ ወደሚቀጥሉት ወራት እንደሚዞር ይጻፍ።

አራተኛ፣ የሚቀንስ ሁሉ ተሰረዘ ወይስ ተላለፈ? ይህ ካልተለየ አዋጁ ባበቃ ማግስት የአምስት ወር ዕዳ በአንድ ቀን ይጠየቃል።

አከራይ ይህን አንቀጽ እንደ ሽንፈት ሊያየው አይገባም። የሁለት ወር ተኩሉን ስሌት ይዞ የሚደራደር አከራይ በክፉ ቀን ተከራዩን ያቆያል። ደላላውም ቢሆን ውል ሲያዋውል ይህችን አንቀጽ ቢያስገባ ኮሚሽኑ አይቀንስበትም፤ ስሙ ግን ይጨምርለታል። ወረርሽኝ ቀጠሮ ይዞ አይመጣም። የኪራይ ቀን ግን ቀጠሮውን አያዛንፍም።