ባህር ዛፉና ገብሱ የሚገናኙበት ድንበር

በምዕራብ ጎጃም፣ ከግሽ ዓባይ ከተማ ወጣ ብሎ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የቆመ ሰው ከሥሩ የሚያየው የተጣጣፈ ምድር ነው። አንዱ ማሳ ድንች፣ ቀጥሎ ገብስ፣ ቀጥሎ የግጦሽ ሣር፣ ከዚያ በረድፍ ቀጥ ብሎ የቆመ ባህር ዛፍ። ባህር ዛፉና ገብሱ የሚገናኙበትን ድንበር ልብ ብላችሁ እዩልኝ። እዚያች ቀጭን መስመር ላይ ሁለት ጎረቤቶች፣ ሽማግሌዎች፣ የቀበሌው የመሬት ኮሚቴና እስከ ሕገ መንግሥቱ የሚዘልቅ ሕግ ይገናኛሉ። ስለዚህች መስመር ላጫውታችሁ ከፈለግሁ ቆይቻለሁ።

ከተማ ውስጥ መኖሪያ ቤቱን ሱቅ ማድረግ ወይም ፎቅ መሥራት የፈለገ ሰው ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ያመለክታል። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ግን የመሬት አጠቃቀም ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው በዛፍ ነው። ይህ ማሳ እህል ማብቀሉን ትቶ ዛፍ ይሁን? ያ የወል ግጦሽ ተከልሎ ችግኝ ይተከልበት? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን ለብዙ ዓመት ያስራል፤ ባህር ዛፍ ቢቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣልና።

ባህር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ገደማ ነው። አዲስ አበባ በዙሪያዋ የነበረውን ዛፍ አንድዳ እየጨረሰች ነበርና ቶሎ የሚያድግ ማገዶ ያስፈልጋት ነበር። በኋላ ግን መንግሥት ሐሳቡን ለወጠ፤ በ1905 ገደማ ከተተከለው ባህር ዛፍ ከፊሉ ተነቅሎ ቅጠሉ ለሐር ትል ምግብ በሚሆን ዛፍ እንዲተካ ትእዛዝ ወጣ። ትእዛዙ አልተፈጸመም። ባህር ዛፉ እስከ ዛሬ አለ። ስለ ዛፍ የሚወጣ ትእዛዝና የገበሬው ፍላጎት ሲለያዩ ምን እንደሚሆን አገራችን ከመቶ ዓመት በፊት አይታዋለች።

ጎጃሜው ገበሬ ለምን ባህር ዛፍ እንደሚመርጥ ለመረዳት አፈሩን ማየት ያስፈልጋል። ይህ ደጋ ዝናብ የበዛበት ነው። ዘመናት የዘነበው ዝናብ ከአፈሩ ካልሲየምና ማግኒዚየም እያጠበ ወስዶ አፈሩን አሲዳማ አድርጎታል። አሲዳማ አፈር ፎስፈረስን ቆልፎ ስለሚይዝ፣ ኖራ ካልተጨመረበት በውድ የተገዛው ማዳበሪያ እንኳ ለሰብሉ በሚገባ አይደርሰውም። ባህር ዛፍ እንዲህ ያለውን አፈር ይችላል። እርሻ፣ አረምና አጨዳ የለበትም፤ ልጆቹ ከተማ የሄዱበት ሽማግሌም ብቻውን ሊያለማው ይችላል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለአጣና፣ ለማገርና ለቋሚ ይደርሳል። ነጋዴው ራሱ መኪና ይዞ ይመጣል፤ ከጎጃም የሚጫነው አጣና አዲስ አበባም ሱዳንም ይደርስ ነበር።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ለእኔ ትልቁ ይኸኛው ይመስለኛል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ገበሬው ይጠቀምበታል፣ ያወርሰዋል፣ ያከራየዋል እንጂ አይሸጠውም። በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ያፈራው ቋሚ ንብረት ግን የራሱ ነው። ስለዚህ ዛፉ የሚሸጥ ሀብት ነው። ልጅ ሲዳር፣ ሰው ሲታመም፣ የማዳበሪያ ዕዳ ሲመጣ ቆሞ የሚጠብቅ ገንዘብ ነው። ይህን ሳይዙ ባህር ዛፍን ማውገዝ የገበሬውን ሒሳብ አለማወቅ ነው።

አሁን ወደ ድንበሯ እንመለስ። ባህር ዛፉ አድጎ ሲቆም ጥላው የጎረቤት ገብስ ላይ ያርፋል። ሥሩ በመሬት ውስጥ ድንበር አያውቅም፤ ከጎረቤት ማሳ እርጥበትና ምግብ ይሻማል። ከዛፉ አጠገብ ያለው የሰብል ጥግ ይቀጭጫል። አንዳንድ ገበሬ ሥሩን ለመቁረጥ በድንበሩ ላይ ቦይ ይቆፍራል። ቦዩ ያግዛል፣ ጥላውን ግን አይመልስም። ጎረቤት ጥቂት ዓመት ታግሶ ሲያበቃ እርሱም ባህር ዛፍ ይተክላል። ከዚያ የእርሱ ዛፍ ለቀጣዩ ማሳ ጥላ ይሆናል፤ ቀጣዩም ይተክላል። በዚህ ሁኔታ አንድ መንደር ስብሰባ ሳይጠራና ድምፅ ሳይሰጥ እርሻውን ሁሉ ወደ ጫካ ሊቀይር ይችላል። እያንዳንዱ ገበሬ የወሰነው ስለ ራሱ ማሳ ብቻ ነው፤ የተለወጠው ግን የሁሉም ምድር ነው። ጉዳዩ የቀበሌ ጉዳይ የሚሆነውም ከዚህ በመነሳት ነው።

ቀበሌ ላይ የገበሬው ማስረጃ የይዞታ ደብተሩ ነው፤ ብዙዎች አረንጓዴ ደብተር ይሉታል። ባልና ሚስት ሁለቱም ይመዘገቡበታል። የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴው ከነዋሪው መካከል የሚመረጥ ነው፤ ማን የቱን እንደያዘ፣ ድንበሩ የት እንደሆነና መሬቱ እንዴት እንደተያዘ ይከታተላል። ከኮሚቴው በላይ የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት አለ። የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 የዚህ ሥርዓት መሠረት ነው። ጎረቤቶች ሲጋጩ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠራው ፍርድ ቤት አይደለም፤ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌዎቹ ማሳው ድረስ ሄደው ጥላው እስከየት እንደሚደርስ በእግራቸው ለክተው ያስታርቃሉ። ይህ ባህል ብቻ ነው እንዳትሉ፤ የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 456/1997ም በመሬት ላይ የሚነሳ ክርክር በቅድሚያ በውይይትና በስምምነት እንዲፈታ ይል ነበር።

በዚሁ አዋጅ ውስጥ በጣም የምወደው ድንጋጌ ስለ ተዳፋት የሚናገረው ነው። ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት አይታረስም፣ ልቅ ግጦሽም አይገባበትም፤ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ይውላል ይል ነበር። ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነው ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት እርከን ከተሠራበት ብቻ ነበር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 60 በመቶ ማለት 60 ዲግሪ አይደለም። አግድም 100 ሜትር ስትሄዱ 60 ሜትር ሽቅብ ከወጣችሁ 60 በመቶ ነው፤ ይህም ወደ 31 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። እንዲህ ያለ ቁልቁለት ግሽ ዓባይ በሚገኝበት በሰከላ ወረዳም ሆነ በዙሪያው ባሉ ተራሮች ብርቅ አይደለም። እንዲህ ያለ ሕግ ዛፍን ወደ ገደላገደሉ ይልካል። ገበሬው ግን መኪና የሚደርስበትን፣ ለመንገድ የቀረበውን ሜዳ ይመርጣል፤ አጣናውን ከገደል ተሸክሞ ማውጣት አድካሚ ነውና። የቀበሌው ከባድ ሥራ እነዚህን ሁለቱን ማስታረቅ ነው።

ትግራይ በ1989 በእርሻ መሬት ላይ ባህር ዛፍ መትከልን ከለከለች። ለእህል ማሳ መጨነቁ ይገባኛል። ነገር ግን ክልከላ ብቻውን የገበሬውን የገንዘብ ጥያቄ አይመልስም። ከእርሻ ላይ ውጣ የተባለ ዛፍ ወዴት እንደሚሄድም አብሮ መወሰን አለበት፤ ለምሳሌ ለእርሻ የማይሆነውን የተራራ ጎን ለወጣቶች በየድርሻው አከፋፍሎ፣ መንገድ አውጥቶ፣ የተከሉትን ራሳቸው እንዲሸጡ ማድረግ ይቻላል። የእኔ አቋም ይኸው ነው፤ ለዛፍ ቦታ የሰጠ ውሳኔ ዛፍን ከከለከለ ውሳኔ የበለጠ ዕድሜ ይኖረዋል።

ስለ አገር በቀል ዛፍም አንድ ነገር ላንሳ። ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ በ1986 በወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ልዩ ጥበቃ የተሰጣቸው ናቸው። መጠበቃቸው ትክክል ነው። ነገር ግን ገበሬው «ነገ ለመቁረጥ ፈቃድ የምጠይቅበትን ዛፍ ዛሬ ለምን እተክላለሁ?» ቢል ምን እንመልስለታለን? ባህር ዛፉን ማንንም ሳይጠይቅ ቆርጦ ይሸጣል። በራሱ እጅ የተከለውን ዋንዛ ቀበሌው መዝግቦ፣ የመቁረጥ መብቱን ገና ሲተክል በጽሑፍ ቢያረጋግጥለት ምርጫው ሊለወጥ ይችላል ብዬ አምናለሁ።

የወል መሬት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ መንግሥት ሲያስታውቅ ዓለም ሁሉ ሰማ። መንደር ላይ ግን ዋናው ጥያቄ ከተከላው ማግስት የሚመጣው ነው። የተከለለው ቦታ ትናንት የማን ከብት ይግጥበት ነበር? ሀብታሙ ሌላ መሬት አለው፤ ሁለት በግ ብቻ ያላት መበለት ግን ያ ግጦሽ ሁሉ ነገሯ ነው። ለእርሷ መልስ ሳይሰጥ የተከለለ ቦታ በሌሊት ይገባበታል። ይህ የገባቸው ቀበሌዎች መጀመሪያ የሚወስኑት የሣሩን ነገር ነው። ቦታው ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ይደረጋል፤ ሣሩ ግን እየታጨደ ለአባላት ይከፋፈላል። ዛፉ ጥቅም እስኪሰጥ ዓመታት ይፈጃል፣ ሣሩ በመጀመሪያው ክረምት ይደርሳል። መተዳደሪያ ደንቡ ላይ የጥበቃው ተራ፣ የቅጣቱ መጠንና የሣሩ ድርሻ ይጻፋል። ኔፓል በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የደን ሕግ ደኖችን ለመንደር ተጠቃሚ ቡድኖች አስረክባለች፤ እዚያም ቡድኖቹ የሚተዳደሩት ራሳቸው ባወጡት ደንብ ነው። የእኛ የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010ም የማኅበረሰብ ደንን እንደ አንድ የባለቤትነት ዓይነት ያውቃል። በሩ ክፍት ነው ማለት ነው።

ብዙም ሳንርቅ፣ አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ፣ ገበሬዎች ራሳቸው ያገኙት ሌላ መንገድ አለ። ዲከረንስ የሚሉትን የግራር ዘመድ ከጤፍ ጋር ይተክላሉ። በመጀመሪያው ዓመት ጤፉን ያጭዳሉ፣ ቀጥሎ በዛፎቹ መካከል የሚበቅለውን ሣር ይወስዳሉ፣ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ዛፉን ቆርጠው ከሰል ያከስላሉ፣ ከዚያም መሬቱን ወደ እህል ይመልሱታል። ዛፉ ናይትሮጅን ወደ አፈሩ ስለሚጨምር የደከመው ማሳ ይጠገናል። እህል ወይስ ዛፍ የሚለውን ክርክር በጊዜ ከፋፍለው ፈቱት፤ እንዴት ያለ ብልሃት ነው! በኋላ ግን ዝገት የሚባለው የፈንገስ በሽታ ዲከረንሱን አጠቃ። ኮረብታው ሁሉ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ስለነበር በሽታው የሚያቆመው አላገኘም። የቀበሌ ውሳኔ ስለ ቦታ ብቻ ሳይሆን ስለ ዓይነትም መናገር እንዳለበት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገኝም።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ላሉ ቀበሌዎች ደግሞ ከተማው ራሱ እየመጣ ነው። ቡሬ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቶባታል፤ በከተሞቹ ዳር የነበረ እርሻ ወደ መኖሪያና ወደ ፋብሪካ ይዞራል። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ በላዩ ያለው ንብረት ተገምቶ ካሳ ይከፈላል፤ ዛፍም ንብረት ነው። ስለዚህ የከተማ ዳር ገበሬ የዛፍ ውሳኔ ከአጣና ዋጋም ያልፋል።

ግሽ ዓባይ ላይ አንድ መሬት ግን ከዚህ ሁሉ ክርክር ውጭ ሆኖ ኖሯል። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እ.ኤ.አ.፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ያዩት የዓባይ ምንጭ እስከ ዛሬ ምእመናን የሚጠመቁበት ጠበል ነው። ከእርሱ የሚነሳው ግልገል ዓባይ ወደ ሰሜን ወርዶ ጣና ይገባል፤ ሐይቁን ከሚመግቡት ወንዞችም ትልቁ ነው። ምንጩን ያቆየው የቤተ ክርስቲያን ክብር ነው። በዙሪያው ባሉ ኮረብታዎች ያሉት ትንንሽ ምንጮች ግን ታቦት የላቸውም። ባህር ዛፍ ከእነርሱ እንዲርቅ የሚያደርገው የቀበሌ ውሳኔ ብቻ ነው።

አዲስ አበባም ሆነ ውጭ አገር የምትኖሩ የአካባቢው ልጆች ለችግኝ ገንዘብ ታዋጣላችሁ፤ ደግ አደረጋችሁ። ግን ችግኝ የሚተከለው በሰኔና በሐምሌ ነው፤ የተፋሰስ ሥራው ስብሰባ የሚደረገውና ቦታው የሚመረጠው በጥርና በየካቲት ነው። በየካቲት ደውሉና ቦታው ቀድሞ የማን ግጦሽ እንደነበረ፣ ሣሩን ማን እንደሚያጭድ፣ ዛፉ ሲደርስ ማን እንደሚቆርጥ ጠይቁ። መልሱ ደንቡ ላይ ተጽፎ ካለ ገንዘቡን ላኩ፤ ካልተጻፈ መጀመሪያ እንዲጻፍ አሳስቡ።