«በዘራችን የለም»

ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ የሄደች ሴት «ከቤተሰብ ካንሰር ያለበት ነበር?» ተብላ ስትጠየቅ «ኧረ በዘራችን የለም» ብላ ብትመልስ አይገርምም። መልሱ ውስጥ እፎይታ አለ፤ ፍርሃትም አለ። ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ሴት ልጆቿ ስም ከዘር በሽታ ጋር እንዲነሳ አትፈልግም።

እፎይታው ግን መሠረት የለውም። በዓለም ዙሪያ ከመቶ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ሕመሙ በውርስ ጂን የመጣባቸው ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ናቸው ተብሎ ይገመታል። ከቀሩት ብዙዎቹ «በዘራችን የለም» ቢሉ እውነታቸውን ነው፤ ይሁንና ታመዋል።

ፍርሃቱ ደግሞ በአብዛኛው በተሳሳተ አቅጣጫ ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1994 እና በ1995 የተለዩት ብራካ-1 እና ብራካ-2 የሚባሉት ጂኖች የተጎዳ የዘረመል ሰንሰለት እንዲጠገን የሚያግዙ ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ጎጂ ለውጥ ይዞ ሲወረስ፣ ከመቶ ሴቶች 70 ያህሉ እስከ 80 ዓመታቸው ድረስ የጡት ካንሰር ይይዛቸዋል። ያንን ጂን አባትም ያወርሳል፤ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። እኛ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የእናት ወገን ብቻ ነው። በጡት ካንሰር የሞተች የአባት እኅት ከቁጥር አትገባም።

ከ2005 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የታከሙ 1,070 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት የታማሚዎቹ መካከለኛ ዕድሜ 43 መሆኑን አሳይቷል። ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያው በዘር ነው» ለማለት ይቸኩላል። እኔ አልቸኩልም። ሕዝቡ ወጣት በሆነበት አገር ታማሚውም ወጣት ይሆናል፤ የዕድሜው ቁጥር ብቻውን ስለ ጂን አይመሰክርም።

ስለ ጂን የሚመሰክር ሌላ ሥራ አለ። አሜሪካዊቷ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሊሳ ኒውማንና ባልደረቦቿ የጋናን፣ የኢትዮጵያን እና የአሜሪካን ታማሚዎች አነጻጽረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2016 አሳተሙ። በሆርሞን መድኃኒት የማይታከመው፣ ቶሎ የሚዛመተው «ትሪፕል ኔጋቲቭ» የሚባለው ዓይነት ከጋናውያኑ ከግማሽ በላይ በሆኑት ላይ ሲገኝ፣ ከኢትዮጵያውያኑ ከመቶ 15 ያህል በሆኑት ላይ ብቻ ተገኘ። ይህ ከነጭ አሜሪካውያን ጋር የሚቀራረብ ነው። የጥናቱ ኢትዮጵያውያን ጥቂት ቢሆኑም፣ «የአፍሪካ ሴት ጡት ካንሰር» ብሎ በጅምላ መናገር ስሕተት መሆኑን አሳይቷል። ይኸው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሥራ አንድ የውርስ ለውጥ ተጠቅሷል፤ ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰው የሚይዘው፣ ከቫይቫክስ ወባ የሚከላከለው የደፊ ለውጥ ነው። ለውጡ ከትሪፕል ኔጋቲቭ ካንሰር ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። በኢትዮጵያ ይህ ለውጥ ያለውም የሌለውም አንድ ሰፈር ውስጥ ይኖራል።

የጥቁር አንበሳ ታማሚዎችን ናሙና የመረመረ ሌላ ጥናት ሁለት ሦስተኛ ገደማ ዕጢዎች ለሆርሞን መድኃኒት ምላሽ የሚሰጡ መሆናቸውን አግኝቷል። ታሞክሲፈን የተባለው ርካሽ ክኒን ለብዙዎቹ ይሠራል ማለት ነው። ከጀሞ ታክሲ ይዛ በሜክሲኮ በኩል ጥቁር አንበሳ ለምትደርስ ሴት ከዚህ የሚበልጥ ዜና የለም፤ እብጠቱ ሳይሰፋ ከደረሰች።

የውርስ ጂን ምርመራ ግን በአገራችን ለአብዛኛዋ ታማሚ ከአቅም በላይ ነው። ቢደረግላትም ሌላ ችግር አለ፦ የዓለም የጂን መዛግብት በአብዛኛው የተሞሉት የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች መረጃ ነው። አፍሪካዊት ሴት «ለውጥ ተገኝቶብሻል፤ ጎጂ ይሁን አይሁን ግን አይታወቅም» የሚል ውጤት የመቀበል ዕድሏ ከሌሎቹ ይበልጣል። ያንን ክፍተት የሚሞላው የእኛው ሰዎች ናሙና ነው።

እስከዚያው ያለን መሣሪያ ጥያቄ ነው። ለጋብቻ ሲሆን ሰባት ቤት የሚቆጥር ሕዝብ ነንና፣ ማን በምን እንደሞተ መቁጠር አያቅተንም። የጤና ጣቢያው ካርድ የእናትንም የአባትንም ወገን፣ የታመመውን ሰው ዕድሜ፣ የእንቁላል ዕጢ ካንሰርንና የወንድ ጡት ካንሰርን ለይቶ ይጠይቅ። ሁለት ዘመዶቿ በወጣትነት ዕድሜያቸው በጡት ካንሰር የታመሙባት ሴት ገና በወጣትነቷ ክትትል ትጀምር። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ከሴቶች ካንሰር አንድ ሦስተኛ ገደማው የጡት መሆኑን መዝግቧል፤ የቤተሰብ ታሪክም አብሮ ቢመዘገብ፣ የላፍቶዋ ሴት «በዘራችን» ስትል ማንን እንደምትቆጥር እናውቅ ነበር።