ከካርታ ጠፍተው የነበሩት የቋራ አንበሶች

የቋራ ቆላ ከሱዳን ጋር በሚዋሰንበት በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2015 ጥቂት ተመራማሪዎች ዛፍ ላይ ካሜራ አሰሩ። ይህ ካሜራ አንሺ አያሻውም። ሙቀት ያለው ነገር ከፊቱ ሲንቀሳቀስ ራሱ ያነሳል፤ ሌሊቱንም ነቅቶ ያድራል። ቡድኑ መሬት ላይ የታተመ ትልቅ ኮቴ አገኘ፤ ካሜራውም የኮቴውን ባለቤት አሳየ። አንበሳ ነበር።

ጉዞውን የመሩት በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዱር እንስሳት ጥበቃ ተመራማሪ የሆኑት ሃንስ ባወር ናቸው፤ ወጪውን የሸፈነው ደግሞ ቦርን ፍሪ የተባለው የእንስሳት ተቆርቋሪ ድርጅት ነው። ግኝቱ በፌብሩዋሪ 2016 ይፋ ሲሆን ባወር ለመገናኛ ብዙኃን የነገሩት ነገር ልብ ይነካል። በሥራ ዘመናቸው የአንበሳን ካርታ ደጋግመው ያረሙት ከዚህም ከዚያም መንጋ ለመሰረዝ ነበር፤ አዲስ መንጋ ሲጨምሩ ግን ይህ የመጀመሪያቸው ነው፣ ምናልባትም የመጨረሻቸው።

ለአካባቢው ሰው ግን ነገሩ አዲስ አልነበረም። ተመራማሪዎቹን ወደዚያ የጠራቸውም አንበሳ አየን የሚለው የነዋሪው ወሬ ነው። ቋራ የዐፄ ቴዎድሮስ አገር ናት፤ ንጉሡም በግቢያቸው አንበሳ ያለምዱ እንደነበር የጎበኟቸው አውሮፓውያን ጽፈዋል። በማስረጃ የተደገፈ ምስል እስኪገኝ ድረስ ግን እነዚህ አንበሶች ለጥበቃ ዕቅድ አውጪዎች እንደሌሉ ይቆጠሩ ነበር። ያልተመዘገበ እንስሳ ቢሞትም መሞቱ አይመዘገብም።

መኖሩ ከታወቀ በኋላ ቀጣዩ ጥያቄ ስንት ነው የሚል ነው፤ ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል። ነብርን መቁጠር ይቀላል። ነቢዩ ኤርምያስ አይለወጥም ያለው ዝንጉርጉርነቱ የእያንዳንዱ መታወቂያ ስለሆነ፣ ሁለት ፎቶ አስተያይቶ ያው ነብር መሆን አለመሆኑን መለየት ይቻላል። በሕንድም ኡላስ ካራንዝ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በናጋራሆሌ ደን ታይገሮችን በዚሁ መንገድ በጎናቸው ሸንተረር እየለዩ በካሜራ ቆጥረዋል። ድጋሚ የሚታዩት ስንት፣ አዲስ የሚመጡት ስንት እንደሆኑ ከታወቀ፣ ካሜራ ያላያቸውም በሒሳብ ይገመታሉ።

አንበሳ ግን ዝንጉርጉር አይደለም። መለያው ከጢሙ በላይ በተደረደሩት ጥቃቅን ነጠብጣቦች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች ላይ የወጣ ጥናት የእነዚህ ነጠብጣቦች አቀማመጥ እንደ ጣት አሻራ ከአንበሳ አንበሳ እንደሚለያይ አሳይቷል። ይህን ለማንበብ ግን የጠራና ቅርብ ፎቶ ያስፈልጋል፤ በሌሊት ሣር ውስጥ ያለፈ አንበሳ ይህን ዕድል እምብዛም አይሰጥም። ስለዚህ ሌላም ዘዴ አለ፦ የጎሽ ጥጃ ጭንቅ ጩኸት በድምፅ ማጉያ ለቅቆ የሚመጡትን መቁጠር። እርሱም የራሱ ጉድለት አለበት። ሰው ሲያሳድደው የኖረ አንበሳ ድምፁን ሰምቶም ላይመጣ ይችላል።

የአልጣሽ ቁጥርም በዚህ ዓይን መነበብ አለበት። ፓርኩ ከ2,600 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ተመራማሪዎቹ በ100 ካሬ ኪሎ ሜትር አንድ ወይም ሁለት አንበሳ ቢኖር ብለው አሰቡ፤ ለአልጣሽ ከ27 እስከ 54፣ ከተያያዘው የሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ደግሞ ከ100 እስከ 200 ደረሱ። ይህ ግምት እንጂ ቆጠራ አይደለም። በ27 እና በ54 መካከል ያለው ርቀት ለአንድ መንጋ የሕይወትና የሞት ያህል ነው።

ጥድፊያው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያው በ2015 ባወርና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት፣ በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ አንበሶች በግማሽ የመቀነሳቸው ዕድል 67 በመቶ፣ የምሥራቅ አፍሪካዎቹ ደግሞ 37 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። የሚታደን እንስሳ ያልቃል፣ ግጦሽና እርሻ ደኑን ይገፋል፣ ከብቱ የተበላበት አርቢ ይበቀላል።

የኢትዮጵያ አንበሳ ቢጠፋ የሚጠፋው ቁጥር ብቻ ላይሆን ይችላል። ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢን የጎበኘ ሰው ደረትና ሆድ ድረስ የወረደውን ጥቁር ጎፈር ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት ከግቢው 15 አንበሶች የተወሰደ ዘረመል ከስድስት የዱር አንበሳ መንጋዎች ጋር አነጻጽሮ፣ የግቢዎቹ በመልክ ብቻ ሳይሆን በዘራቸውም የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። ከሁሉ የሚያስደስተው፣ በግቢ ተዘግተው የኖሩ ቢሆኑም ዘመድ ከዘመድ መዋለድ ያደረሰባቸው ጉዳት ጥቂት ሆኖ መገኘቱ ነው። አጥኚዎቹ ዘሩን ለማቆየት የታቀደ የማራባት ሥራ ባስቸኳይ እንዲጀመር ጠይቀዋል።

ማራባት ግን ዱሩን አይተካም፤ ዱሩ ደግሞ ሰው የሚኖርበት ነው። እዚህ ላይ ከሁሉ የሚልቀው ትምህርት የመጣው ከኬንያ፣ ከአምቦሴሊ አካባቢ ነው። ሊላ ሀዛህ የተባለችው ተመራማሪ ከማሳዮች ጋር እየኖረች አንበሳ የሚገድሉበትን ምክንያት ጠየቀች። አንዱ የከብት በቀል ነው። ሌላው ክብር ነው፤ አንበሳ የገደለ ወጣት በገዳይነቱ አዲስ ስም ይወጣለታል። ጎፈር ደፍቶ መፎከር የጀግና ወግ በነበረበት አገር ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ሀዛህና ባልደረባዋ ስቴፋኒ ዶልረንሪ እ.ኤ.አ. በ2007 የአንበሳ ጠባቂዎች የሚባለውን ሥራ ሲጀምሩ፣ የቀጠሩት እነዚያኑ ጎበዞች ነበር። አንበሳን ለመግደል ዱካ ያነብቡ የነበሩት አሁን ለመከታተል ያነብባሉ። ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ የተማሩት እዚያው ሥራ ላይ ነው፤ ያዩትን መዝግበው ለተመራማሪዎች ያቀርባሉ። አንበሳ ወደ ሰፈር ሲጠጋ እረኞችን ያስጠነቅቃሉ፣ የጠፋ ከብት ይፈልጋሉ፣ የላላ የእሾህ አጥር ያጠብቃሉ። ለእያንዳንዱ አንበሳም በቋንቋቸው ስም አውጥተውለታል።

በአልጣሽ ዙሪያም ዱካ የሚያነብቡ የአማራ፣ የአገውና የጉሙዝ ሰዎች ይኖራሉ። ከብታቸውን ውኃ የሚያጠጡበትን፣ አንበሳውም የሚመጣበትን ስፍራ ያውቃሉ። ካሜራው ለጥቂት ቀናት ያየውን እነርሱ ዓመቱን ሙሉ ያያሉ። ያ ከ27 እስከ 54 የሚለው ግምት ወደ እውነተኛ ቁጥር የሚጠበው የእነርሱ እማኝነት በወሬነት ቀርቶ፣ እንደ አምቦሴሊው ሁሉ ደሞዝና መዝገብ ሲኖረው ነው።