የዝንብ ዘረ-መል ጥናትና የገንዲ በሽታ፦ ለአሶሳና አካባቢው ከብት አርቢዎች ምን ይጠቅማል?

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በአባይ፣ በዳቡስና በበለስ ወንዞች አካባቢ የሚኖሩ አርሶ አደሮች የገንዲ በሽታን የሚያስተላልፈውን የቆላ ዝንብ በሚገባ ያውቁታል። በሽታው ከብቱን ያከሳል፣ ደሙን ያሳንሳል፣ ላሟን ያስጨነግፋል፣ በሬውንም ከእርሻ ያውላል። በደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) በርካታ የእንስሳት ክትባቶች ቢመረቱም ለገንዲ ክትባት አልተገኘም። በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ውጫዊ ሽፋኑን በየጊዜው ስለሚለዋውጥ የከብቱ ሰውነት ሊከላከለው ይቸገራል። ተመራማሪዎች ዘረ-መልን የሚያጠኑበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ፕሮቲን ካይኔዝ ምንድን ነው?

ፕሮቲን ካይኔዝ ፎስፌት የተባለውን ንጥረ ነገር በሌሎች ፕሮቲኖች ላይ በማሳረፍ ሥራቸውን የሚያስጀምር ወይም የሚያስቆም ፕሮቲን ነው። የሕዋስ እድገትና መራባት የሚመራው በእነዚህ ፕሮቲኖች ጭምር ነው።

አዲስ የካይኔዝ ዘረ-መል እንዴት ይለያል?

በበሰለ ማንጎ ላይ የምታንዣብበው የትንሿ የፍራፍሬ ዝንብ ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2000 ታትሟል። የካይኔዞች ዋና ክፍል ከዝንብ እስከ ሰው ስለሚመሳሰል ተመራማሪዎች ይህን ምልክት በኮምፒውተር ይፈልጋሉ። ተመሳሳይነት ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይሆንም። ዘረ-መሉ በሕዋስ ውስጥ መሥራቱ በቤተ ሙከራ ይጣራል፤ ቀጥሎም ሥራው ሲታገድ በዝንቧ ላይ የሚታየው ለውጥ ይመረመራል።

ከገንዲ ጋር ምን ያገናኘዋል?

የፍራፍሬ ዝንብ በ10 ቀናት ገደማ ትውልድ ትተካለች። የሩቅ ዘመዷ የቆላ ዝንብ ግን በአንድ ጊዜ አንድ እጭ ብቻ በማህፀኗ አሳድጋ ስለምትወልድ በቤተ ሙከራ ለማጥናት አዳጋች ናት። በመሆኑም በፍራፍሬ ዝንብ ላይ የተገኘው እውቀት ለቆላ ዝንብ ጥናት መነሻ ይሆናል። የአንድ የቆላ ዝንብ ዝርያ ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሞ ከ12 ሺህ በላይ ዘረ-መሎች ተለይተዋል። ከጥገኛ ተሕዋሱ ዝርያዎች በአንዱም ከ150 በላይ ካይኔዞች ተገኝተዋል፤ አዳዲስ መድኃኒቶች ሊያነጣጥሩባቸው ከሚችሉት መካከል እነዚህ ይገኙበታል።

ተገልጋዮች ምን ማድረግ ይኖርባቸዋል?

ጥናቱ ገና መድኃኒት አልሆነም። ነባሮቹን መድኃኒቶች የተላመዱ ተሕዋስያንም በሀገራችን ታይተዋል። ስለሆነም፦

• ከብትዎ ሲከሳ ወይም ሲደክም በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ወስደው ደሙን ያስመርምሩ፤
• መድኃኒቱ በከብቱ ክብደት ልክ፣ በባለሙያ እንዲሰጥ ያድርጉ፤ ከገበያ ገዝተው በግምት አይውጉ፤
• በወንዝ ዳር የተተከሉ የዝንብ ወጥመዶችን ይጠብቁ።

በእጃችን ያሉትን መድኃኒቶች ፈዋሽነት ጠብቆ ማቆየት የሁላችንም ኃላፊነት ነው።