ትሉን የሚገድለው ውሁድ ሰውን ሲደርስበት፦ ስለ እንዶድ፣ ስለ ኮሶና ስለ አንድ የባሕር አረም

የዛሬው ንግግሬ የመድኃኒት ዕፀዋት ጭምቆች በጤና ላይ ስላላቸው ጠባይ ነው። ርዕሱ ሰፊ በመሆኑ በሦስት ተክሎች ብቻ እወሰናለሁ። ሁለቱን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ ሦስተኛው ጃፓኖች ለመድኃኒትነት ሲጠቀሙበት የኖሩት ቀይ የባሕር አረም ነው። ባሕር ለሌለን ሰዎች ይህ ምን ያደርግልናል የሚል ካለ ጥቂት ይታገሠኝ፤ ከኮሶ ጋር ያለው ዝምድና ኋላ ይታያል።

በዚህ ሙያ በቆየሁባቸው ዓመታት ከሁሉ አብዝቶ የሚቀርብልኝ ጥያቄ «ይህ ተክል ያድናል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም በዚህ መልኩ ሲቀርብ መልስ ለመስጠት ያስቸግራል። ታማሚው የሚጠጣው ተክሉን ራሱን አይደለም፤ ከተክሉ በውኃ፣ በጠላ ወይም በአልኮል ተዘፍዝፎ የወጣውን ነው። ጭምቅ የምለው ይህንን ነው። ከአንድ ተክል በተለያየ መንገድ የተዘጋጁ ሁለት ጭምቆች ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሊሆኑ ይችላሉ።

ለዚህ ከእንዶድ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመለከቱ። የቢልሃርዚያ ጥገኛ ተውሳክ ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት የሚያድገው በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ትዝብቱ ወደ ረጅም ምርምር አመራ። ብዙ ጊዜ የማይነገረው የኬሚስትሪው ክፍል ነው። በደረቀው ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን በሁለት ወገን የስኳር ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ሲሆን፣ በዚህ ሁኔታው ቀንድ አውጣን አይገድልም። ፍሬው ተወቅጦ ከውኃ ጋር ሲገናኝ እዚያው ፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም አንደኛውን ሰንሰለት ይቆርጠዋል፤ ገዳዩ ውሁድ የሚፈጠረው በዚያን ጊዜ ነው። ያንኑ ፍሬ በሜታኖል የሚያወጣ ኬሚስት፣ ሜታኖል ኢንዛይሙን ሥራ ስለሚያስፈታው፣ ያልተቆረጠውን ሳፖኒን ይዞ ይቀራል። ሜታኖል በቤተ ሙከራ የተለመደ አሟሚ ነው። ሙቀጫና የወንዝ ውኃ ብቻ የነበራቸው ሴቶች ያገኙትን ውጤት እርሱ ሳያገኝ «ፍሬው አይሠራም» ብሎ ሊመዘግብ ይችላል።

አሁን ወደ ኮሶ ልለፍ። ቋንቋችን ለበሽታውም ለመድኃኒቱም አንድ ስም መስጠቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ትሉ የኮሶ ትል ነው፣ መድኃኒቱም ኮሶ። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር ትሉ የማይቀር እንግዳ ስለነበር፣ አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጡ ነበር። ለዚህ የሚመረጠው የሴቴዋ ዛፍ ቀላ ያለ አበባ ነው፤ ደርቆ ይፈጫል፣ በውኃ ወይም በጠላ ይበጠበጣል፣ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ዛፉን ለአውሮፓ አስተዋወቀ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመንም አበባው በአውሮፓ ኦፊሴላዊ የመድኃኒት መዘርዝሮች ውስጥ ገባ። እዚያ ግን ብዙ ጊዜ አላረካም፤ ከመከራው ጉዞ በኋላ የሚደርሰው አበባ አርጅቶ ኃይሉን አጥቶ ነበርና።

በአበባው ውስጥ ትሉን የሚያጠቁት ኮሶቶክሲንና መሰሎቹ ናቸው። እነዚህ የፍሎሮግሉሲኖል ተዋጽኦዎች ሲሆኑ፣ በአውሮፓ ለዚሁ ትል ይሰጥ በነበረው ወንዴ ፈርን በተባለው ተክል ሥር ውስጥም የቅርብ ዘመዶቻቸው ይገኛሉ። የሁለቱም ጉዳት ተመሳሳይ ነው፦ መጠኑ ሲበዛ ወይም ውሁዱ ከአንጀት ወደ ደም ሲገባ የዓይን ነርቭን ይመታል። በኮሶ መመረዝ የሚደርስ የዓይን ጉዳት እ.ኤ.አ. በ1969 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ታትሞ ወጥቷል። ስለ ፈርኑ የጻፉ የቆዩ የፋርማሲ መጻሕፍትም ታማሚው ከመድኃኒቱ ጋር ዘይት ወይም ቅባት እንዳይወስድ አጥብቀው ያስጠነቅቁ ነበር፤ ቅባት ውሁዱን አሟሙቶ ወደ ደም ያሳልፈዋል ተብሎ ይታመን ነበርና። እንደ እኔ አስተያየት፣ ሁላችንም የምንጠላው የኮሶ አስቀማጭነት የጥበቃው አንድ ክፍል ነው። መድኃኒቱ ትሉን አግኝቶ ወደ ደም ሳይሻገር ይወጣል። ባዶ ሆድም እንዲሁ ከንቱ ልማድ አይመስለኝም።

ወደ ባሕሩ እንሂድ። ጃፓኖች ዲጄኒያ ሲምፕሌክስ የተባለውን ቀይ የባሕር አረም አፍልተው ለወስፋት ይጠጡት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ከዚህ አረም ካይኒክ አሲድ ተለይቶ ወጣ። ውሁዱ ግሉታሜት የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ ስለሚመስል የትሉን ነርቭና ጡንቻ ያናውጣል፤ ትሉም ራሱን መያዝ ተስኖት ይወጣል። እስከዚህ ድረስ ከኮሶ ታሪክ ብዙም አይለይም። ነገር ግን እኛም በአንጎላችን ውስጥ ግሉታሜት አለን። በ1970ዎቹ ካይኒክ አሲድ በቀጥታ ሲሰጥ የእንስሳትን የነርቭ ሕዋሳት ከመጠን በላይ አነቃቅቶ እንደሚገድል ታወቀ፤ ዛሬ ተመራማሪዎች በአይጥ ላይ የሚጥል በሽታን ለማስነሣት ይጠቀሙበታል። አንድ የተቀባይ ዓይነትም በስሙ ተጠርቷል። የልጆች የወስፋት መድኃኒት የነበረው ውሁድ ዛሬ በቤተ ሙከራ ብልቃጥ ላይ የመርዝ ምልክት ተለጥፎበታል።

ዶሞይክ አሲድ የተባለው ዘመዱም ከሌላ የጃፓን ቀይ የባሕር አረም የተገኘ የወስፋት መድኃኒት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 በካናዳ፣ ከፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት የመጡ ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳትን የበሉ ከ100 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ ከእነርሱም የሞቱ ነበሩ። ከተረፉት አንዳንዶቹ አዲስ ነገር የማስታወስ ችሎታቸውን አጥተው ቀሩ። በምርመራ የተገኘው ዶሞይክ አሲድ ነበር፤ በዓይን የማይታዩ የባሕር ረቂቃን ያመረቱትን እንስሳቱ በሥጋቸው አከማችተውታል። ጃፓን ለትል ይሰጥ ከነበረው መጠን በብዙ የበለጠ ወደ ሰውነታቸው እንደገባ ተገምቷል።

ተማሪዎቻችን «ይህ ጭምቅ በብርጭቆ ሳሕን ላይ የካንሰር ሕዋስን ገደለ» የሚል ጽሑፍ ይዘው ሲመጡ የማቀዘቅዛቸው ከዚህ የተነሣ ነው። በሳሕን ላይ ሕዋስን መግደል ለብዙ ነገሮች ቀላል ነው፤ በረኪናም ይገድላል። እኔ ወዲያው የምጠይቀው በየትኛው አሟሚ እንደወጣ፣ በምን ያህል መጠን እንደተሰጠ፣ ጤነኛውን ሕዋስ ምን እንዳደረገውና ተውጦ ወደ ደም ይደርስ እንደሆነ ነው።

የኮሶ ትል ዛሬ በፕራዚኳንቴል ወይም በኒክሎሳማይድ ይታከማል፤ በሚሊግራም የተለካ ስለሆነ እኔ ራሴ የምመርጠው ይህንን ነው። ቢሆንም ኮሶ ከገበያ አልጠፋም። አንድ እፍኝ አበባ ምን ያህል ኮሶቶክሲን እንደያዘ ሻጯም ገዢውም አያውቁም፤ ትኩስነቱ፣ ዛፉና አደራረቁ ይለያዩታልና። በሕክምና ክፍሎች ያላችሁ ተማሪዎች፣ ድንገት ዓይኑ የደበዘዘበት ሰው ሲመጣ ኮሶ ጠጥቶ እንደሆነ ጠይቁት። በቁጣ አትጠይቁት፤ የተቆጡት ሰው ሁለተኛ አይነግራችሁም። መቼ፣ ስንት ኩባያ፣ በምን ተበጥብጦና ከምን ምግብ ጋር እንደጠጣው በካርዱ ላይ ጻፉ።

ቀሪው ጊዜ ለጥያቄዎቻችሁ ነው።